ለጀልባ የተሠራው ዘንግ

የዚያን ቅዳሜ ባሕሩ ዳር ያሉት ድንጋዮች ላይ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እኔ፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጄ፤ ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩት የአሰብ ሰው፤ ከእኔ ጋር ሆቴል የምታጸዳው የወሎዋ ጓደኛዬ፤ እና ስሙን ያልጠየቅሁት ቢጫ ቦት የተጫማ ቬትናማዊ ዓሣ አጥማጅ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ ነገሩ ሲወራ ያልነበሩ ሰዎች ሁሉ እንደነበሩ ሆነው ስላወሩት ነው። አንዱማ ለእኔው ለራሴ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ “አንዲት ሴት ናት አሉ…” ብሎ ጀምሮልኛል።

ያኔ የምንኖረው ኦክላንድ ነበር። ስልኮች ገና የሚታጠፉ በነበሩበት ጊዜ ነው። እኔና ልጄ ብቻ ነን። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ሲመጣ ራሷ ታነብልኛለች፣ ያነበበችልኝ እውነት ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላት በኋላ ደግሞ ከእኔ ጋር ማውራት ተወች። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ትመልስልኝና በሯን ትዘጋለች። በሩ ሥር ያለውን ብርሃን እያየሁ የምቆምባቸው ምሽቶች ነበሩ።

የአሰቡን ሰው እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ልጄ አባባ ትላቸው ነበር። ኤርትራዊ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ትከሻቸው ላይ አድርገው ደረጃውን ሲወርዱ ልጄ በሩን ትይዝላቸው ነበር። አንድ ቀን ዘንጎቹ ምን እንደሚይዙ ጠየቀቻቸው። “ከአንቺ የሚከብድ ዓሣ” አሏት። ሳቀች። ልጄ ስትስቅ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

መጀመሪያ ከከተማው ሳይርቁ፣ ባሕሩ ላይ ከተሠራው የእንጨት መሄጃ ላይ አስተማሯት። እዚያ አጥር አለው፣ የማጥመጃ ላይሰንስም አይጠየቅም። ከዚያ ግን ትልቁ ዓሣ ያለው ድንጋዮቹ ጋ ነው ብለው ፓሲፊካ ወደሚባለው የውቅያኖስ ዳርቻ ሊወስዷት ፈለጉ። እኔ ያደግሁት ክረምት ሲገባ ወንዝ ሰው በሚወስድበት አገር ነው። ዋና አልችልም። “እኔም እመጣለሁ” አልኳቸው። የቅዳሜ ሺፍቴን ለሰው ሰጠሁና ሄድኩ።

እሳቸው ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፣ ይህን መመስከር አለብኝ። እንደደረስን ወዲያው ወደ ድንጋዩ አይወርዱም። መኪናው አጠገብ ቆመው ሻያቸውን ከፔርሙስ እየጠጡ ማዕበሉን ለረጅም ጊዜ ያያሉ። “ባሕር ጀርባ አይሰጠውም” ይሉ ነበር። ሌላው ሕጋቸው፣ የሚቆሙት ደረቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ከረጠበ ባሕሩ እዚያ ደርሶ ሄዷል፣ ተመልሶም ይመጣል። ሦስተኛው ሕግ ድንጋይ ላይ እንግሊዝኛ አይወራም። “ለምን?” ስትላቸው “ዓሣው ገና ክላስ አልጀመረም” አሏት። እንዲህ እያሉ ልጄን አማርኛ አስወሯት። መንጠቆ፣ ማዕበል፣ ጭቃ፣ ሰነፍ፣ እነዚህን ቃላት ከእኔ አይደለም የተማረችው። ማታ እራት ላይ “እማ፣ ዛሬ ማዕበሉ ክፉ ነበር” ስትለኝ ውሃውን መጥላቴን ትቼ ማመስገን ቃጣኝ።

የወሎዋ ጓደኛዬ የምትመጣው ለዓሣው ነበር። እኔ ክርስቲያን፣ እሷና ጋሼ ሙስሊም። ስንት ዓመት በአንድ ሕንፃ እየኖርን፣ ለበዓል ስንጠራራ፣ እነሱ እኔ ቤት ዶሮውን አይነኩም፣ እኔም እነሱ ቤት ሥጋውን አልነካም። ሽሮና ሰላጣ እየበላን “ብሉልን፣ ጠጡልን” እንባባላለን። ዓሣ ግን ቢላዋ አይነካውም፣ ከውሃ ሲወጣ ይሞታል፤ በማን ስም ታረደ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን ከአንድ ነገር የምንቆርሰው ከዓሣው ብቻ ነበር። ጾም ሲሆን ደግሞ እኔ እንደገና እቸገራለሁ። ጓደኛዬ ትስቅብኛለች። “ዓሣ ይጾማል አይጾምም ቄሱን ጠይቂና ንገሪኝ” ትለኛለች፤ “ድርሻሽን እስከዚያ እጠብቅልሻለሁ። ሆዴ ውስጥ።”

የልጄን ዘንግ የሰበርኩት እኔ ነኝ። የመኪናውን በር ስዘጋ ጫፉ ውጭ ቀርቶ ነበር። ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የልጄን ፊት አየሁ። “አዲስ እገዛለሁ” አልኩ። ጋሼ በማግስቱ ደረጃው ላይ አስቀምጠው አስተማሩኝ።

“ስሚኝ ልጄ። ከድንጋይ ላይ ለሚያጠምድ ሰው ሮዱ፣ ዘንጉ ማለቴ ነው፣ ረጅም ይሁን። የሰው ቁመት እጥፍ ቢጠጋ ጥሩ ነው።”

“ለምን ጋሼ? ከባድ አይሆንባትም?”

“ክሩ ከፊቷ ያለውን ድንጋይ ሳይነካ እንዲያልፍላት ነዋ። አጭር ከሆነ እሷ ወደ ውሃው መውረድ አለባት። ገባሽ? ከዚያ ጫፉን ኮርኒስ ላይ አስደግፊና ግፊው። ጫፉ መጀመሪያ ይታጠፍ፣ ከዚያ መሃሉ፣ እጀታው ጋ ሲደርስ እምቢ ይበል። ዓሣው ሲጎትት መድከም ያለበት ሮዱ ነው፣ ልጅቷ አይደለችም።”

“እሺ።”

“ጥጥም ያዢ። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በጥጥ ጥረጊያቸው። ጥጡ ከያዘ ስንጥቅ አለው፣ ክር ይበላል። ደግሞስ ለምን አብረን አንሄድም?”

“አይድከሙ ጋሼ። ገብቶኛል።”

ገብቶኝም ነበር። ጥጤን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሥራ በማልገባበት በዴይ ኦፌ በአውቶቡስ፣ በአፕታውን ሰፈር በኩል አልፌ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ዘንጎቹ ግድግዳውን ይዘው እንደ መቋሚያ ተደርድረዋል። እሳቸው ያሉትን ዓይነት አገኘሁና ጫፉን ኮርኒሱ ላይ አስደግፌ ገፋሁት። ታጠፈ። እንደ ሣር ተለመጠ። ልጄን በዚህ ሣር ጫፍ አሰብኳት፤ በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ከእሷ የሚከብድ ዓሣ።

አባቴ ዱላ ሲመርጥ መሬት ላይ ተክሎ በሙሉ ክብደቱ ይደገፍበት ነበር። ከተለመጠ ይጥለዋል። “የሚታጠፍ ዱላ ባለቤቱን ያስመታል” ይል ነበር። እኔ ስለ ዘንግ የማውቀው ያን ነው። ጥግ ላይ አንድ ጥቁር፣ አጭር፣ ወፍራም ዘንግ አየሁ። ገፋሁት፣ ንቅንቅ አላለም። ሻጩ ከድንጋይ ላይ ወይስ ከጀልባ ላይ እንደማጠምድ ጠየቀኝ፤ ይሄኛው የጀልባ ነው አለኝ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ላለ ትልቅ ዓሣ። ሰምቼዋለሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ለጥልቁ ውሃ የበቃ ለዳርቻው እንዴት ያንሳል ብዬ ነው ያሰብኩት። ጥጤን አውጥቼ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ጠረግኳቸው። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ካዘዙኝ ውስጥ የፈጸምኩት ያን ብቻ ነው።

ልጄ ዘንጉን አየችው፣ ያዘችው፣ አነቃነቀችው። “በጣም አጭር ነው። አባባ ናቸው የመረጡት?”

“አዎ፣ እሳቸው ናቸው” አልኳት።

እንዲህ ቀላል ነበር። ከእኔ የማትቀበለውን ከእሳቸው እንደምትቀበል አውቃለሁ። ውሸቱ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ብቻ የሚቆይ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ጭጋግ ነበር። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሻያቸውን ጠጡ፣ ማዕበሉን አዩ፣ “ደህና ነው” አሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ቢጫ ቦት ያደረገው ቬትናማዊ ቀድሞን ቆሟል፤ በእጁ ሰላም አለን። ልጄ ደረቁ ድንጋይ ላይ ቦታዋን ያዘች። እኔም ቦታዬን ያዝኩ፣ ማለት ከኋላዋ ቆሜ የጃኬቷን ጫፍ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የማደርገው።

“አንቺ ሴትዮ” አለች ጓደኛዬ፣ “ዓሣ ልትይዢ ነው የመጣሽው ወይስ ልጅ?”

“ልጄን።”

“እንግዲያው እሷን ጠብሰን እንብላ።”

ልጄ “ማሚ፣ ስቶፕ፣ ልቀቂኝ” አለችኝ። አልለቀቅኳትም።

ጋሼ ያኔ አዲሱን ዘንግ ከልጄ እጅ ተቀበሉ። ጫፉን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ገፉት። ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ልጄም አጠገባቸው ቆማ ታያቸዋለች። ወደ እሷ ዞረው “ይሄ ለእኔ ይሁን፣ አንቺ የእኔን ያዢ” አሏት። “የእኔ ሮድ ሽማግሌ ነው፣ ልጅ ይወዳል።”

ረጅሙን ለልጄ ሰጥተው አጭሩን እሳቸው ወሰዱ። የእኔን ስህተት ከልጄ እጅ ወደ ራሳቸው እጅ አዛወሩት ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያየሁት ትሕትናቸውን ብቻ ነው።

ከደረቁ ድንጋይ ሆነው ሞከሩ። ክሩ ከፊታቸው ያለውን አለት እየታከከ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባቸው። አንድ ድንጋይ ወረዱ። ትንሽ ቆይተው ሌላ አንድ። ወፎች ውሃው ላይ መውደቅ ጀምረው ነበር፤ ወፍ ከወረደ ትንንሽ ዓሣ አለ፣ ትንንሽ ዓሣ ካለ ትልቁ ከሥሩ ነው ብለው አስተምረውናል። ሁላችንም ወፎቹን እናይ ነበር። እኔ ግን የጋሼን እግር አየሁ። የቆሙበት ድንጋይ ጥቁር ነበር። ረጥቧል።

ያን ጊዜ “ጋሼ፣ ድንጋዩ ረጥቧል” ማለት ነበረብኝ። ማንም ሰው የሚለው ነው። ግን ለምን ወረዱ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሮዱ አጭር ስለሆነ ነው ይባላል። ሮዱን ማን መረጠ ይባላል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና ዝም አልኩ።

ዓሣው ያዘ። ጓደኛዬ “ያዘ! ያዘ!” ብላ ጮኸች። ዘንጉ አልታጠፈም፤ በሱ ፈንታ የታጠፉት እሳቸው ናቸው። ዓሣው ሲጎትት ወገባቸው ይሄዳል፣ ጉልበታቸው ይሄዳል። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ተጎተቱ። “ጋሼ ይልቀቁት!” አልኩ አሁን። “አባባ ይልቀቁት!” አለች ልጄ። አልለቀቁም። ማዕበሉ እንኳን ትልቅ አልነበረም፣ እስከ ወገብ ቢደርስ ነው። መጣ፣ ሸፈናቸው፣ ሲመለስ በሁለት ድንጋይ መሃል በጎናቸው ወድቀው ነበር። አንድ እጃቸው ወደ ላይ ቀርቶ ዘንጉን ይዟል።

ልጄ ረጅሙን ዘንግ ጥላ ሮጠች። እኔ ጃኬቷን ይዣለሁ። በሙሉ ኃይሌ ነው የያዝኩት። ጃኬቱ እጄ ላይ ቀረ፤ እሷ ከውስጡ ወጥታ ሄዳለች።

ቀጣዩ ማዕበል ከመምጣቱ በፊት እሷና ቬትናማዊው በብብታቸው ይዘው ጎተቷቸው። ጓደኛዬ “ያረቢ፣ ያረቢ” እያለች በሻርፗ ጠቀለለቻቸው። እኔ ባዶውን ጃኬት ይዤ ቆሜ ነበር። አምቡላንስ እስኪመጣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ “ሮዱስ?” ብለው ጠየቁኝ።

“ለምን አልለቀቁትም ጋሼ?”

“አንቺ ደክመሽ የገዛሽውን?” አሉኝ። “እንዴት ልልቀቀው?”

ቬትናማዊው ዘንጉን አንስቶ ክሩን ሲጠቀልል ዓሣው አሁንም መጨረሻው ላይ ነበር። ከልጄ እግር ቁመት የሚያንስ አይደለም፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር መስመር ያለው። አውጥቶ የእኛ በረዶ ሳጥን ውስጥ አስተኛውና ወደ ቦታው ተመለሰ። አላመሰገንኩትም።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። እሑድ ልንጠይቃቸው ሆስፒታል ሄድን። ጓደኛዬ ዓሣውን እኔ ቤት ጠብሳ የእሳቸውን ድርሻ ይዛለች። “ዓሣው ምን አጠፋ?” ነበር ያለችኝ እኔ አላየውም ስል። ጋሼ ትንሽ ቀመሱና “ጨው ያንሰዋል፤ ባሕር ውስጥ ኖሮ እንዴት ጨው ያንሰዋል?” ብለው አሳቁን። ልጃቸው ያኔ ገባ። ፍሪሞንት ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ነው። ዘንጉን መኪናቸው ውስጥ አይቶታል።

“ይቅርታ” አለን ቆሞ። “ይሄ ሮድ የጀልባ ነው። እኔም ትንሽ አውቃለሁ። ማነው ለሰባ ዓመት ሰው ይሄን ይዞ ድንጋይ ላይ ውጣ ያለው?”

አፌን ከፈትኩ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፣ ዞራ እንኳን አላየችኝም፤ አባባን ነው የምታየው።

“እኔ ነኝ የመረጥኩት” አሉ ጋሼ።

“አንተ? አባዬ፣ አንተ ይሄን ትመርጣለህ?”

“ዓይኔ ደክሟል። ዕድሜ ነው። ተወው በቃ።”

እኔን አላዩኝም። እንዳላፍር ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጃቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠና “ከዚህ በኋላ ብቻህን አትኖርም” አላቸው። እኔም የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ። “እኔ ነኝ” ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚበቃው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፣ በእርግጥ እሳቸው ናቸው ወይ አለች። “አሁን ሰማሽ አይደል?” አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ዓሣም አላጠመደችም። አማርኛዋም ቀስ እያለ አነሰ። ጥቁሩ ዘንግ ከመኪናቸው ወጥቶ ከቤታችን በር ኋላ ቆሞ ቀረ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግድግዳውን ይመታል።

ጋሼን ልጃቸው ፍሪሞንት ወሰዳቸው። ቤታቸውን በሁለት ቅዳሜ ባዶ አደረጉት። መጀመሪያ መጀመሪያ እደውል ነበር፤ “በምርኩዝ ነኝ፣ ምርኩዙ ግን አይታጠፍም፣ አንቺ የመረጥሽው ነው መሰለኝ” ብለው ቀለዱብኝ። ሳቅሁ፣ ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። እሳቸው ነገሩን ቀልድ አድርገው በር ከፈቱልኝ፤ ያን ጊዜም አልገባሁም። በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ እያልኩ ወራት ሄደ። አንድ ቀን ዓሣ ጠብሼ በባቡር ፍሪሞንት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ናት። ቤቱን የተከራዩት በቅርብ ነው፣ ከእነሱ በፊት ስለነበሩት አታውቅም። ስልኩም ሌላ ሰው ያነሳው ጀመር። ጓደኛዬ በመስጊድ በኩል አስጠየቀችልኝ፤ አንዱ ልጅየው በሥራ ወደ ሌላ ስቴት ተዛውሯል አለ፣ ሌላው ሽማግሌው ወደ አገር ገብተዋል አለ። “አብሽሪ፣ ይገኛሉ” አለችኝ። አልተገኙም።

ከዚያ የኦክላንድ ቤት ኪራይ አልቻልነውም፣ ወደ ሳን ሆዜ መጣን። እኔ ሳንታ ክላራ አንድ የቢሮ ካፌቴሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ የራሷ ቤት አላት። ባለፈው ወር በድንገት መጣች። በሩ ላይ ቆማ “እማ፣ ጥጥ አለሽ?” አለችኝ። የፋሻ ጥጥ ሰጠኋት። ከመኪናዋ አንድ ረጅም አዲስ ዘንግ አውጥታ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ጠረገች፣ ጫፉን ኮርኒሴ ላይ አስደግፋ ገፋችው። ጫፉ ታጠፈ፣ መሃሉ ታጠፈ፣ እጀታው ጋ ሲደርስ እምቢ አለ።

ያኔ ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፣ እጄ ላይ የቀረውን ጥጥ እየፈተልኩ።

“አውቃለሁ” አለችኝ በአማርኛ። “ድሮ ነው ያወቅሁት። አባባ አጭር ሮድ አይመርጡም።” ዘንጉን ወደ መኪናዋ መለሰችና “ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነው መንገር ያለብሽ” ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። የአሰብ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም፣ ኦክላንድ ታክሲ ይነዱ የነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ስለዳነ ሲራመዱ ትንሽ ሊያነክሱ ይችላሉ። ባሕር ካዩ ሻያቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ይቆማሉ። ዘንጉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሚያውቃቸው ሰው ካለ፣ በሕይወት እንዳሉና እንደሚራመዱ እባካችሁ ንገሩኝ።